የለፋፊው መኪና ማሳ

«እስከ ቅዳሜ ማሳውን ካላገኘች፣ ጓዟን ጠቅልላ ትውጣ።»

ይህን የሰማሁት ከተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች ጀርባ ተቀምጬ ዳቦ እየበላሁ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። የተናገረው ጋሽ ኮንታክት ነው፤ የጋራዡ ባለቤትም ኤሌክትሪሺያንም። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። ሁለት ሽቦ ሲነካካ ብልጭ እንደሚለው፣ እርሱም ሲነካኩት ብልጭ ይል ነበርና። የተነገረባት ደግሞ እናቴ ናት።

እናቴ በዚያ ጋራዥ ጥግ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋ ነበር። ምንጣፍም ታነጥፋለች። «መርፌ» ይሏታል። በሥራዋ ብቻ አይመስለኝም፤ ምላሷም ወፍራም ቆዳ ይበሳ ነበር። እኔን ደግሞ «ቃጭል» ይሉኛል፤ አፌ ስለማያርፍ።

ማሳ ምን እንደሆነ በደንብ አውቅ ነበር። እናቴ ያደገችው እርሻ ላይ ነው። ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ ባኮረፍኩ ቁጥር፣ እርሷ በእኔ ዕድሜ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብላ እንደዋለች፣ ከዚያ ያመለጠችውም እኔ ተኮፍሼ እንድቀመጥ እንዳልሆነ ትነግረኛለች። ስለዚህ ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆነልኝ። ጋሽ ኮንታክት እናቴን እርሻ ፈልጊ ብሏታል። ካላገኘች ከጋራዡ ልትባረር ነው። ካገኘች ደግሞ ትታኝ ወደ እርሻዋ ልትሄድ ነው። ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል። ዳቦዬን ጨርሼ ሳወጣ ሳወርድ አንድ መውጫ ብቻ ታየኝ፤ ማሳው እዚሁ ጋራዡ አጠገብ ከተገኘ የትም መሄድ አይኖርባትም።

እኔው ልፈልግላት ወሰንኩ።

ዛሬ ይህን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ እጠራዋለሁ። እኛ የመኪና ኤሌክትሪክ የምንሠራ ሰዎች ማሳ የምንለው፣ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር በቡሎን የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ኃይል ከባትሪ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው፤ መመለሻው ከተበላሸ የመኪናው ድምፅ ማጉያ ይጮሃል። ቃሉ ከየት እንደመጣ እንጃ። ከእርሻው ጋር ስም ተጋሩ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። ቢነግሩኝም የምሰማ አይመስለኝም፤ ጉዳይ ነበረኝ።

የጣጣው ሁሉ ባለቤት ለፋፊው ነው። ጣሪያዋ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ የተገጠመላት አሮጌ መኪና አለችው፤ ከተማውን እየዞረ የጠፋ ልጅ፣ የሚከፈት ሱቅ፣ የሚቋረጥ ውኃ ያስታውቅባታል። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ያለው ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ሥር ነው። እናቴ አዲስ ምንጣፍ ባነጠፈችለት ማግስት ማጉያው ማላዘን ጀመረ። ሞተሩ ሲነሳ ዚይይይ ይላል። ነዳጅ ሲረገጥ ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል፣ እግር ሲነሳ ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይጠፋል። «ልጅ ጠፋ ብዬ ስጮህ ሰዉ የሚሰማው የትንኝ ሠርግ ነው» ይላል ለፋፊው። እሑድ ጠዋት የክትባት ዘመቻ ሊያስታውቅ ቃል ገብቷል። ሰው የሚሰማው ንግግር ካልወጣት፣ ሥራውን ሌላ መኪና ላለው ሊሰጡበት ነው።

ጋሽ ኮንታክት ሁሉን ሞክሯል። አምፕሊፋየሩን በሌላ ቀየረ፤ ጮኸ። የድምፁን ገመድ ከኃይሉ ገመድ አርቆ ዘረጋ፤ ጮኸ። በመጨረሻ ረጅም ሽቦ አምጥቶ አምፕሊፋየሩን በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ሲያገናኘው ጸጥ አለ። ሽቦውን ሲነቅለው ትንኞቹ ተመለሱ። «ማሳ ነው» አለ። ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ጎንበስ አለና ወንበሩ ሥር ሽቦው የታሰረበትን ቡሎን በቁልፍ ሞከረው። ጥብቅ ብሏል። እንግዲህ ቡሎኑ ደህና ከሆነ ሽቦው መሀል ላይ ተጎድቷል ማለት ነው። ማን ጎዳው? ምንጣፍ የቆረጠ ቢላዋ።

ረጅሙን ሽቦ እንዳለ ተውልኝና ልሂድበት ቢለው ለፋፊው፣ ጋሽ ኮንታክት ከጋራዡ ሽቦ ተንጠልጥሎበት የወጣ መኪና እንደሌለ፣ ነገ ቢቃጠል ደግሞ የሚጠየቀው እርሱ እንደሆነ ነገረው።

እናቴ ተጠርታ ስትመጣ መቀሱ ከእጇ አልወረደም ነበር። ክሱን አዳምጣ ጨረሰችና «ቢላዬ ሽቦ አልነካም» አለች። «ቢላዬን አውቀዋለሁ፤ ምላሴን እንጂ እሱን ሳላስብ አውጥቼው አላውቅም።» ለፋፊው ጮኸባት። እርሷም የእርሱ ጩኸት ያለ ማጉያም እንደሚሰማ ነገረችው። እኔ ወደ ጎማዎቹ ጀርባ የሄድኩት ያን ጊዜ ነው፤ ያንን የማሳውን ነገር የሰማሁትም እርሷ ወደ ክፍሏ ከተመለሰች በኋላ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሳ አገኘሁ። ከጋራዡ ጀርባ፣ በሁለት የወላለቁ መኪናዎች መሀል፣ ማንም የማይፈልገው ቁራጭ መሬት ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው። እናቴ ጥሩ አፈር ጥቁር ነው ስትል ሰምቼ ስለነበር በዕድሌ ተደነቅሁ። አንድ የወለቀ የጎማ ክዳን አንስቼ መጫር ጀመርኩ። ድንጋዩን ለቀምኩ፣ ጠርሙስ ስባሪውን ወደ አጥሩ ግንብ ወረወርኩ፣ ዙሪያውን በፊልትሮ ቆርቆሮ አጠርኩ። የእጄ ጥቁረት ለሦስት ቀን በሳሙና አልለቀቀም። አፈሩን ያጠቆረው ከየሞተሩ ሲደፋበት የኖረ የተቃጠለ ዘይት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። በዚያ ላይ አረምም አይበቅልም ነበር። እኔ ግን ከቤት የሰረቅኋትን አንድ እፍኝ ባቄላ ለመዝራት ተዘጋጅቻለሁ።

እናቴም በበኩሏ ስፌቷን ትታ የለፋፊው መኪና ውስጥ ገብታለች። ወንበሩን አወጣች። ገና ሳምንት ያልሞላውን የገዛ እጇን ሥራ፣ ያንን ቀጥ ያለ ምንጣፍ፣ ሽቦው በሚያልፍበት በኩል ነቀለችው። እንዲያ ሲነቀል የሚያሰማውን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም፤ እርሷም ፊቷን እያዞረች ነበር የምትስበው። ከዚያ ሽቦውን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ጨርቅ ላይ ክር የተዘለለበትን እንደምትፈልግ፣ ስንዝር በስንዝር ዳሰሰችው።

ጋሽ ኮንታክት በዚያ ሲያልፍ አንዴ ቆሞ አያት። ሽቦ የሚፈትሽበትን አሮጌ ቴስተሩን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን፣ ከመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀምጦ ሄደ። ረሳው ብዬ ልጠራው ስል እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ሌባ ናት እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ጋሽ ኮንታክት እኮ ካቻቢቴ ለአባቱ የማያውስ ሰው ነበር፤ ሲመሽ መሣሪያዎቹን ቆጥሮ ነው የሚቆልፈው። እንዲህ ያለ ሰው ቴስተር አይረሳም። ይህን የተረዳሁት የራሴ መሣሪያ ኖሮኝ፣ ሰው ሲነካብኝ ማበድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አርብ ሙሉውን ሽቦ ፈትሻ ጨረሰች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭረት የለበትም። ቴስተሩን በሁለቱ ጫፎች ብትነካው መርፌው ይሄዳል፤ ሽቦው ሙሉ ነው። ቢላዋዋ ንጹሕ ነች። ለፋፊውን ጠርታ አሳየችው፣ ጋሽ ኮንታክትንም አሳየችው፤ አንገቷ የዚያን ቀን እንደቆመ ቆሞ አያውቅም። ከዚያ ለፋፊው ሞተሩን አስነሳ።

ዚይይይ።

ልክ መሆኗ ድምፁን አላጠፋውም። ለፋፊው ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ እያደረገ በማጉያው አዘፈነባት። ያን ማታ እራቷን ሳትነካው ተነሳች። እርሻ ፍለጋው እንዳልሆነላት ገባኝ። የእኔ ግን እየሆነልኝ ነበር። ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ፣ ሳይዘራ ማሳ ማሳ አይባልም ብዬ ዋጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከእርሷ ጋር ጋራዡ ገባሁ። ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ የሾፌር ወንበር ልብስ እየጠለፈች፣ ዓይኗ ግን ከመርፌው አልፎ የት እንደሚያይ አይታወቅም። ለዘሩ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ማረጋገጥ ፈለግሁ።

«እማ፣ ጥሩ ማሳ ምን ዓይነት ነው?»

ቀና አላለችም። «ንጹሕ የሆነ።»

«ንጹሕ ማለት?»

«የተፋቀ ነዋ። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ የተነሳለት። ዝገት ቢሆን፣ ቀለም ቢሆን፣ ማስቲሽ…»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ግማሽ ገብቶ ቆመ። አየችኝ፣ ደግሞ አላየችኝም።

ምሥጢሬን ደረሰችበት ብዬ ሮጥኩ። እንግዲህ መፋቅም አለበት ማለት ነው። በጎማ ክዳኔ ያንን መሬት ላዩን ገፍፌ ገፍፌ፣ ባቄላዬን ደረደርኩ።

እናቴ ስለ ማሳ መልስ የሰጠችኝ ከእርሻ አልነበረም። በዚያች ቆርቆሮ ክፍል ስድስት ዓመት ስትቀመጥ፣ ጋሽ ኮንታክት በወዲያ በኩል እየጮኸ ሠራተኞቹን ሲያስተምር፣ እርሷ በወዲህ በኩል እየሰፋች ስትማር ኖራለች። ማንም ተማሪ ብሎ አልቆጠራትም። ማስቲሽ ደግሞ የራሷ ዕቃ ነው፤ ምንጣፉን ከወለሉ የምታጣብቅበት ያ ቢጫ ሙጫ።

ከማሳዬ ላይ ሆኜ ስመለከት የመኪናዋ የተከፈተ በር ይታየኛል። እናቴ ተንበርክካለች። ቡሎኑን ፈታችው። ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት አነሳችና ገልብጣ አየቻት። ከዚያ ወለሉን አየች። ቀለበቷ ባረፈችበት ቦታ ላይ፣ በወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ያለ ቢጫ ነገር ነበር። ምንጣፉን ስታነጥፍ ቡሎኑን ፈትታ፣ ወለሉን ሙጫ ቀብታ፣ ሲደርቅ ቀለበቷን መልሳ በላዩ ጥብቅ አድርጋ አስራታለች። ብረት ከብረት የሚገናኘው በቡሎኑ ጥርስ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለመሥራት በቃ፤ ዝም ለማለት ግን አልበቃም።

በእጇ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ነበር። ጋሽ ኮንታክት በር ላይ ከደንበኛ ጋር ነው፤ ለፋፊው ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣል። ማንም አያያትም፣ ከእኔ በቀር፤ እኔ ደግሞ የማየው አልገባኝም። አንድ ደቂቃ መፋቅ፣ ማሰር፣ ከዚያ «ቡሎንህ ልል ነበር» ማለት ብቻ ነው የቀራት። ሦስት ቀን ሙሉ በሰው ፊት አንገቷን አቁማ፣ ሙያዬ ንጹሕ ነው ስትል የሰነበተች ሴት ናት። እኔ ብሆን ፍቄ ዝም እል ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አንዳንድ ቀን አሁንም እንዲያ ይመስለኛል።

ብርጭቆ ወረቀቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ» አለች። «አንተም ና» አለችው ለፋፊውን።

ፊቷን ሳይ፣ ማሳ ሳታገኝ ቅዳሜ ደርሶባት ልትሰናበታቸው መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ከማሳዬ እየበረርኩ መጥቼ መሀላቸው ገባሁ። ማሳ እንዳለን፣ እኔ እንዳገኘሁላት፣ መፋቁንም እንደፋቅሁት፣ ባቄላ እንኳ እንደዘራሁበት በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

ለፋፊው ሻዩ ከአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። እናቴ ዓይኖቿን ጨፈነች። ጋሽ ኮንታክት ግን አልሳቀም። ጥቁር እጄን ተመለከተ።

«የት ነው?»

በጣቴ አሳየሁት።

«ስፋቱስ?»

ሁለት እጄን የቻልኩትን ያህል ዘረጋሁ።

«ጥሩ ነው» አለ። «አሁን ዝም በይ ቃጭል፣ እናትሽ ልትናገር ነው።»

እናቴ ከመሬት ሳትነሳ ቀለበቷን ወደ ላይ ያዘችለት። «ቢላዬ አልነካም ያልኩት እውነት ነው» አለች። «ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ። ማስቲሽ ቀብቼ በላዩ አሰርኩት።»

ለፋፊው የሚጠብቀው ይህንን ነበር። ከመጀመሪያው እንዳለ፣ ጨርቅ ሰፊን መኪና ውስጥ ማስገባት ይህን እንደሚያመጣ፣ ዛሬውኑ እንድትወጣ ደረደረው። ጋሽ ኮንታክት እየሰማው አልነበረም። ወገቡን ይዞ፣ እያቃሰተ፣ በጉልበቱ ተንበረከከ። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ያንን ቢጫ ስልባቦት ብዙ ጊዜ አየው። በጥፍሩ ጫር አደረገው።

«ጠብቋል ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ» አለ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጠው። «እሰሪው።»

«ያበላሸችውን እሷን ነው የምታሠራው?» አለ ለፋፊው።

«ያገኘው ማን ሆነና? አንተ ነህ?»

ፋቀች። አሰረች። ጋሽ ኮንታክት ጎንበስ ብሎ አየና ፍቺው አላት፤ ብረቱ ገና አላበራም። እንደገና ፋቀች። እንደገና ፍቺው አላት፤ ቀለበቷም ከሥሯ መፋቅ አለባት። በሦስተኛው ቡሎኑ ሥር ማስገባት ያለባትን ጥርስ ያላት ሮንዴላ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣትና ለምን እንደምትገባ ነገራት፤ በለሆሳስ፣ እንደርሱ ባልሆነ ድምፅ። የእናቴ ላብ በአገጯ ይንጠባጠብ ነበር። ጣቶቿ በብርጭቆ ወረቀቱ ደምተዋል። ጥፋቷን ስላመነች በሰው ፊት እየቀጣት ነው ብዬ፣ ሄጄ እግሩን ልነክሰው ሁሉ አስቤ ነበር።

እሮብ ከጎማዎቹ ጀርባ የሰማሁትንም እንዲሁ በስህተት ነው የተረዳሁት። ለፋፊው ካደግኩ በኋላ ሌላ መኪና ይዞ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር፤ ሽቦ ስዘረጋለት እየሳቀ አጫወተኝ። ያን ቀን «ዛሬ፣ አሁን ካላባረርካት መኪናዬን ይዤ እወጣለሁ» ያለው እርሱ ነው። ጋሽ ኮንታክት ግን «እስከ ቅዳሜ» አለው። ብዙ ዓመት ፍርድ መስሎኝ የኖረው ቃል፣ ለእናቴ የተለመነ ሦስት ቀን ነበር።

ለአራተኛ ጊዜ አስራ ስታበቃ ጋሽ ኮንታክት ቡሎኑን አልነካውም። ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ። ሰኞ ከወንበር ልብሷ በፊት ወደ እርሱ ጠረጴዛ እንድትመጣ፣ ሁለት የሚያላዝኑ መኪናዎች እንዳሉት ነገራት። ፊቱን ወደ ለፋፊው እንኳ አላዞረም።

እናቴ ፀጉሯን በክንዷ ወደ ኋላ ገፋችና በተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችው።

«ያስነሱት» አለች።

ጋሽ ኮንታክት ሰው ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዞሮ ሄደ፣ ሾፌሩ ቦታ ገባ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ነዳጁን ረገጠው፤ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ከጣሪያዋ ግን ምንም አልወጣም። ደግሞ ረገጠው። ምንም።

ለፋፊው በመስኮቱ እጁን ሰድዶ ማይኩን አወጣ። ወደ አፉ አስጠጋው። ከሁለቱ ማጉያዎች ሰፊ፣ ጥርት ያለ የእርሱ ትንፋሽ ወጥቶ ግቢውን ሞላው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ቀና አሉ። እርሱ ማይኩን እንደያዘ እናቴን ያያል።

«ተናገር እንጂ» አለችው።